ጃማይካ ውስጥም እንቅልፍ ይገኛል

ጃማይካ ሄጄ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሙዚቃና ስለ ባሕሩ ነው። እኔ የሄድኩት ግን ልተኛ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታል የምሠራ የሌሊት ፈረቃ ነርስ ነኝ። ቀን የሚተኛ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ልክ ዓይናችሁ ሲከደን የሣር ማጨጃው ይነሳል፤ የቆሻሻ መኪናው ይመጣል፤ ዕቃ አድራሹ በር ያንኳኳል። ታላቅ እህቴ ደግሞ ቤቷ ውስጥ የሰው ልጆች ትጠብቃለች። ቀኑን ሙሉ የሕፃናት ለቅሶ ስትሰማ ውላ ማታ ጆሮዋ ይጮህባታል። ስለዚህ ለዕረፍት ስንነሳ መስፈርታችን አንድ ብቻ ነበር፤ ጸጥታ።

"ለጸጥታ ብሎ ጃማይካ የሚሄድ አለ እንዴ?" ብለው ሳቁብን። እውነታቸውን ነው። ቁም ሳጥን የሚያካክል ድምፅ ማጉያ ደርድሮ ሰፈር ሙሉ ማስጨፈር ከ1950ዎቹ (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ጀምሮ የኪንግስተን ባህል ነው። እህቴ ግን ሌላ ጉዳይ ነበራት። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ከብቦ መውረጃ እንዳሳጣቸው ከአባታችን አፍ ሰምታ ነው ያደገችው። ኪንግስተን ውስጥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዳለም ታውቃለች። "እግረ መንገዴን ተሳልሜ ልምጣ" አለች። በዚህ ደሴቷ ተወሰነች። የቀረው ደሴቷ ላይ የት የሚለው ነው፤ ዋናው ራስ ምታትም እሱ ነው።

ትንሽ ደሴት ናት ሲባል አትታለሉ። ከምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ ወደ 235 ኪሎ ሜትር ትሆናለች፤ ግን ከአውራ ጎዳናዎቹ ስትወጡ መንገዱ በተራራና በባሕር መካከል ስለሚጠማዘዝ ቀን ይበላል። ስለዚህ የምታርፉበትን ሰፈር ሳትመርጡ ትኬት አትቁረጡ። ሞንቴጎ ቤይ ያለው ሳንግስተር አውሮፕላን ማረፊያ ለምዕራቡ ነው። ኪንግስተን ያለው ኖርማን ማንሊ ለምሥራቁ። ብዙ ሰው ትኬቱ ስለረከሰለት ብቻ ሞንቴጎ ቤይ ያርፍና የቆጠባትን ገንዘብ ለታክሲ ይገብራል።

እኔ ከመሄዴ በፊት ለሳምንታት ካርታ ላይ አፍጥጬ ከርሜያለሁ። ሞንቴጎ ቤይን ወዲያው ሰረዝኳት። አውሮፕላን ማረፊያው ባሕሩ ዳር፣ ሆቴሎቹም እዚያው አጠገብ ናቸው። ኦቾ ሪዮስና ፋልማውዝ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች የሚቆሙባቸው ከተሞች ናቸው። መርከብ በገባ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንዴ ይራገፋል። ነግሪል ሁለት መልክ አላት። ረጅሙ አሸዋ ላይ ቡና ቤት ከቡና ቤት ተያይዞ ነው፤ ገደሉ በኩል ያለው ዌስት ኤንድ ግን ረጋ ይላል። ሆኖም እኛ የምንሄደው በመጋቢት ነበር። በመጋቢት ደግሞ ትምህርት የተዘጋላቸው የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ነግሪልን ይወርሷታል።

የሄዱ ሰዎች ደጋግመው የነገሩን ደቡብ ዳርቻ ያለችውን ትሬዠር ቢች ነው። የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ናቸው፤ ግዙፍ ሆቴል የለም። ልባችን ከጅሏት ነበር። ግን ከኪንግስተን ራቀችብን። ተራራ ለሚወድ ደግሞ ከኪንግስተን በላይ አይሪሽ ታውንና ኒውካስል አሉ። ኒውካስል እንግሊዞች በ1841 ወታደሮቻቸውን ከቆላው ወባና ቢጫ ወባ ለማሸሽ የሠሩት ካምፕ ነው። የቡና አገር ነው፤ ጉም ይወርዳል፤ ማታ ሹራብ ያስለብሳል። ባሕር ግድ የማይሰጠው ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ እዚያ ነው የምልከው። እህቴ ግን "ካሪቢያን ሄጄ ባሕር ሳላይ ልመለስ? እንጦጦም እኮ ቀዝቃዛ ነው" አለችኝ።

የቀረችው ፖርትላንድ ናት፤ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ። ዋና ከተማዋ ፖርት አንቶኒዮ ይባላል። ፖርትላንድ ጸጥ ያለችበት ምክንያት ዝናቡ ነው ባይ ነኝ። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበቱን ተሸክሞ መጥቶ ብሉ ማውንቴን ላይ ይላተማል። ጫፉ 2,256 ሜትር ነው። ነፋሱ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ውሃውን እዚያው ያራግፈዋል። ስለዚህ ፖርትላንድ ከደሴቷ ሁሉ ዝናባም ናት። በ1940ዎቹ የሆሊውዱ ኤሮል ፍሊን መጥቶ ሲወዳት ሀብታሞች ተከትለውት ጎርፈው ነበር። በኋላ ግን ቱሪዝሙ ፀሐይ የማያጣውን ምዕራቡን መረጠ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ሁሉ ወደዚያ ሄዱ። ለፖርትላንድ የቀሩላት ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያዎችና ቪላዎች ናቸው። ዝናብ የማይፈራ ሰው እዚህ ብዙ ያተርፋል።

አሁን ወደ ቤቱ ጉዳይ ልግባ። መጀመሪያ የያዝነው ከተማው ውስጥ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ስሙ ይቅር። በጽሑፍ "ጸጥ ያለ ነው ወይ?" ስላቸው "በጣም!" ብለው መልሰውልኛል። የደረስነው ዓርብ ማታ ነው። ሻንጣ ሳንፈታ ከጀርባው ግድግዳ ማዶ አንድ ነገር ዱም አለ። እነሱ ላውን የሚሉት የጭፈራ ሜዳ አለ ለካ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃውን በጆሮ ሳይሆን በደረት ነበር የምንሰማው። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል። እህቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ብርጭቆውን እያየች "ይሄስ ከልጆቹም ባሰ" አለች።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ትሑት ነበር። "አይዟችሁ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይቆማል" አለን። እውነትም ቆመ። በ1997 የወጣው የድምፅ መቆጣጠሪያ ሕጋቸው በሥራ ቀናት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ደግሞ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይፈቅዳል። ስለዚህ ማንንም ልትከሱ አትችሉም፤ ሰዎቹ በሕግ ነው የሚያስጨፍሩት። ሙዚቃው ሲቆም የሰፈሩ ውሾች ተረኛ ሆኑ። ውሾቹ ሲደክማቸው ዶሮዎቹ ተረከቡ። ሲነጋ ቅዳሜ ነው። ጃማይካ ውስጥ ቅዳሜን የሚያከብሩ አድቬንቲስቶች ብዙ ናቸው፤ የእነሱም ጸሎት ቤት ድምፅ ማጉያ አለው። መዝሙሩን እህቴ ወዳዋለች። እኔ ትራስ ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ ነበር።

ቅዳሜውን ሌላ ቤት ስንፈልግ ዋልን። እኔም የጥያቄዬን ዓይነት ቀየርኩ። "ጸጥ ያለ ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁሌም አዎ ነው። ማን የገዛ ቤቱን ጯሂ ነው ይላል? ደግሞ እዚያው ሲኖር የኖረ ሰው ጩኸቱን አይሰማውም። መጠየቅ ያለበት ዝርዝሩ ነው። "ቅርብ ያለው ቡና ቤት በእግር ስንት ደቂቃ ነው?" "ጭፈራ የሚኖረው በሳምንቱ ስንተኛው ቀን ነው?" ይህቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ወርቅ ናት፤ ጭፈራ መኖሩን እንደታወቀ ነገር አድርጋ ስለምትጀምር ሰውዬው ሳያስበው እውነቱን ያወጣዋል። "ረቡዕና ዓርብ ብቻ" ያለኝ አለ። ብቻ!

ከዚያ ደግሞ ሌላ ዘዴ መጣልኝ። ለደወልኩላቸው ሁሉ "እባካችሁ ዛሬ ማታ 4 ሰዓት ላይ በረንዳችሁ ላይ ቆማችሁ፣ ምንም ሳትናገሩ፣ ግማሽ ደቂቃ ድምፅ ቀድታችሁ በዋትሳፕ ላኩልኝ" አልኳቸው። ቅዳሜ ማታ ነው፤ ደሴቷ ሁሉ የምትጮህበት ሰዓት። አንዱ ስቆ ስልኩን ዘጋ። ሌላው በሩን ቆልፎ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው የቀዳው፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ይሰማል። አንዷ እንዲያውም የላከችው ውስጥ ከሩቅ ያ የማውቀው ዱም ዱም አለ። በመጨረሻ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ላኩልኝ። እንቁራሪት ብቻ። ከእንቁራሪቱ ሥር በጣም ከሩቅ ባሕሩ ይተነፍሳል። ለእህቴ አሰማኋት። "ይሄ ነው፣ ተነሺ ሻንጣሽን አንሺ" አለችኝ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ። ያደርንበት እዚያው ከተማው ነው፤ ጠዋት ግን ቁርስ እንኳ አልበላንም።

የመምህርቷ ቤት ከፖርት አንቶኒዮ በስተምሥራቅ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ ገባ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መስኮቶቹ መስታወት አይደሉም፤ የሚከፈቱና የሚዘጉ የእንጨት ርብራቦች ናቸው። በጃማይካ ብዙ ቤት እንዲህ ነው፤ ነፋስ እንዲያስገባ ተብሎ። ዝጉት ብትሉም ድምፅ ይገባል። ስለዚህ እዚያ አገር ጸጥታን ግድግዳ አይሰጣችሁም፤ የሚሰጣችሁ ርቀት ነው። መኝታ ክፍሉ ወደ መንገድ ነው ወደ ጓሮ ብላችሁ ጠይቁ። የውሃ ፓምፑ የት እንደተተከለ ጠይቁ። ብዙ ቤት ጥቁር የፕላስቲክ ታንከር አለው፤ ፓምፑ አልጋችሁ ሥር ከሆነ ጎረቤት ሽንት ቤት በገባ ቁጥር ትነቃላችሁ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሳል ወይስ ባትሪ ነው ያላቸው? ይህንንም ጠይቁ። ካርታውን ደግሞ ከሰማይ በሚያሳየው ገጽታ አጉልታችሁ እዩት። ከጀርባ ገላጣ ሜዳ ካለ ኳስ ሜዳ ነው ወይስ ላውን የሚለውን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። የእንግዶችን አስተያየት ስታነቡ ከመጥፎው ጀምሩ። "ዶሮ" እና "ሙዚቃ" የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በአንዴ ከመክፈል አንድ ሁለት ሌሊት ይዛችሁ፣ ከተመቻችሁ እዚያው አራዝሙ።

እንቁራሪቶቹ ግን ብዙ ሰው ሳያስበው የሚያገኘው ነገር ነው። አውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ ናቸው። ዓይን አያያቸውም። ጀንበር ስትጠልቅ በፉጨት ይጀምራሉ፤ ሊነጋጋ ሲል ያቆማሉ። የመጀመሪያውን ማታ እህቴ በፍርሃት ዓይኗን አፈጠጠች። ብዙም ሳይቆይ ስታንኮራፋ ሰማኋት። ይህን እንደ ነርስ ላስረዳችሁ። እኛ ክፍል የኦክስጅኑ ሹሹታ ሌሊቱን ሙሉ አይቆምም፤ ሕመምተኛው ግን ይተኛል። የሚቀሰቅሰው ድንገት የሚጮኸው ማንቂያ ነው። ድምፅ ስላለ አይደለም የምንነቃው፤ ድምፁ ድንገት ሲቀየር ነው። እንቁራሪትም፣ ማዕበልም፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብም ወጥ ናቸው። ስለዚህ ማረፊያ ስትመርጡ ምንም ድምፅ የሌለበትን አትፈልጉ፤ አታገኙትም። ድንገተኛ ድምፅ የሌለበትን ፈልጉ።

ዝናቡስ? ዘነበ እንጂ! ሌሊት ሌሊት ቆርቆሮውን ይወግረው ነበር። ቀኑ ግን አብዛኛውን ፀሐይ ነው። እኔ በዚያ ዝናብ የተኛሁትን እንቅልፍ ከልጅነቴ ወዲህ ተኝቼው አላውቅም።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ጸጥታና ገለልተኝነት ጎረቤቶች ናቸው። ገለልተኛ ቤት ደግሞ ማታ ያስፈራል። እኛ የመረጥነው የቤቱ ባለቤት፣ መምህርቷ ራሳቸው፣ እዚያው ግቢ የሚኖሩበትን ነው። የሚያውቁት ሾፌር አላቸው፤ እሱን ይደውሉልናል። ውሾቻቸው መጀመሪያ ጮኹብን፤ ቁርሳችንን ካካፈልናቸው በኋላ ዘመድ ሆንን። መንገዱ ዳር የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ መኪናው በግራ ነው የሚነዳው፤ ሲነዳም ይበራል። ከመሸ በእግር አትውጡ።

አሁን ስለ እኛ ስለ ኢትዮጵያውያን። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ከየት እንደመጣችሁ ለመናገር አትቸኩሉ። ቀልዴን አይደለም። ዊኒፍሬድ በተባለው የባሕር ዳርቻ አንድ ጎልማሳ ራስታ ኮኮናት ሲቆርጥልን ከየት ናችሁ አለን። እህቴ "ኢትዮጵያ" አለች። ቢላዋውን አስቀመጠ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ አየን። ከዚያ ጓደኞቹን ጠራ። የጃንሆይን መምጫ ቀን፣ የሰሎሞንን ዘር፣ የሻሸመኔን መሬት፣ ሁሉንም አነሳ። እሱ ያልጠየቀን ጥያቄ የለም፤ እኛ የመለስነው ግን ጥቂት ነው። ስለ ንጉሡ የምናስበው ለየቅል ነው፤ እህቴ ልትከራከረው ስትዘጋጅ በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። በአክብሮት የመጣን ሰው በአክብሮት መስማት ነው። የኮኮናቱን ዋጋ እንቢ አለ። በማግስቱ መንገድ ላይ የማናውቀው ሰው "ኢትዮጵያ!" እያለ ሰላም ይለን ጀመር። ደስ ይላል፤ ግን ዕረፍት አይባልም።

የራስታዎቹ ትልቁ ውለታ ሌላ ነው። እኛ የሄድነው በሁዳዴ ነው። እህቴ ደግሞ ጾም ላይ ቀልድ አታውቅም። ምን ልትበላ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። ራስታዎች አይታል የሚሉት ምግብ አላቸው። ሥጋ የለውም፣ ወተት የለውም፤ ብዙዎቹ ጨው እንኳ አይጨምሩበትም። ጎመን የሚመስለው ካላሉ፣ ባቄላ፣ ዱባ፣ ዳቦ ፍሬ የሚባለው የዛፍ ፍሬ ጥብስ፤ ወጡ በኮኮናት ወተት ነው የሚሠራው። እህቴ ሚጥሚጣዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ነሰነሰችበትና አለቀ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ መምህርቷ የብሉ ማውንቴን ቡና ያፈሉልን ነበር። ቡና ወደ ጃማይካ የገባው በ1728 ነው። ጥሩ ቡና ነው፤ ለስላሳ ነው። "ትንሽ ቀጠነ" የሚለው ፍርድ የእህቴ ነው።

ባሕሩ ላይ ስለ መሄድ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። "ከባሕር ዳርቻ ሁለት ደቂቃ" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መግቢያ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በ1956 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕጋቸው ለሕዝቡ በባሕሩ ዳር እንደልብ የመግባት መብት አይሰጥም። ስለዚህ ብዙው ዳርቻ ታጥሯል ወይም ይከፈልበታል። ፍሬንችማንስ ኮቭ የሚከፈልበት ነው። ቀዝቃዛ ወንዝ ከባሕሩ ጋር የሚገናኝበት ስለሆነ ክፍያው አይቆጭም። ከከፈላችሁ አይቀር ጠዋት እንደተከፈተ ግቡ፤ ከቀትር በኋላ አስጎብኚ መኪኖች ይደርሳሉ። ዊኒፍሬድ ግን ነጻ ነው፤ ነጻ ሆኖ የቀረውም የአካባቢው ሰው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ስለተሟገተለት ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ዛፉ ጥላ ሥር ጋደም ብትሉ የሚነካችሁ የለም። እሑድ ግን የአገሬው ቀን ነው፤ ቤተሰቡ ድስቱን፣ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ይመጣል። መብታቸው ነው፤ እናንተ ሰኞን ጠብቁ። ብሉ ላጉን የሚባለው ሰማያዊ ሐይቅ ውብ ነው፤ ግን በር ላይ በጀልባና በታንኳ ላንሸራሽራችሁ የሚሉ ሰዎች ስለሚከቧችሁ ለጸጥታ አይሆንም። ቦስተን ቤይ ደግሞ ጀርክ የሚባለው ቅመም የተለወሰ ጥብስ በእንጨት ፍም የሚጠበስበት መንደር ነው። በጾም አትለፉበት። እህቴ መኪናው ውስጥ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ነው ያለፈችው።

ከኪንግስተን ወደ ፖርት አንቶኒዮ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በተራራው መካከል፣ በካስልተን አድርጎ አኖቶ ቤይ ላይ ባሕሩን የሚያገኘው ነው። ሌላው በሞራንት ቤይ ዳር ዳሩን ይዞራል። የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ዳር ዳሩን ያዙ። ክነትስፎርድ ኤክስፕረስ የሚባል ሰዓት የሚያከብር አውቶቡስም ወደ ፖርት አንቶኒዮ ይሄዳል። በየመንደሩ የሚመላለሱት ቀይ ታርጋ ያላቸው ታክሲዎች ርካሽ ናቸው፤ ሰው አጨናንቀው ይጭናሉ፤ ሙዚቃቸውም ከላውኑ አይተናነስም። "እባክህ ትንሽ ቀንስልን" ሲባሉ ይቀንሳሉ። ግን መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ። ጃማይካ ውስጥ ሳይሰላምቱ ጥያቄ መጀመር እንደኛው አገር ነውር ነው።

ኪንግስተን ያለው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ማክስፊልድ አቬኑ ላይ ነው። እህቴ ስዕለቷን አድርሳለች። እዚያ የምትሄዱ ከሆነ በቀን፣ በምታምኑት ሾፌር ሂዱ፤ ሰፈሩ ለእግር ጉዞ አይመከርም። ጃማይካውያን ምእመናን ነጠላ ለብሰው፣ በግዕዝ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ሲሉ ሰምታ እህቴ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። ይህን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ወረቀት ነክ ነገር፤ ቪዛው በያዛችሁት ፓስፖርት ይለያያልና የጃማይካ ቆንስላን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ የምትነሱ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን እንዳትረሱ፤ ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ይጠይቋችኋል። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትና አጎበር ያዙ። መስኮቱ ርብራብ ነው ብያችኋለሁ።

እኛ የሄድነው በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ከባድ አውሎ ነፋስ ደሴቷን መቷታል። በሐምሌ 2024 (በፈረንጅ) ቤሪል ደቡቡን አለፈበት። ጥቅምት 28 ቀን 2025 ደግሞ ሜሊሳ በምዕራቡ ወስትሞርላንድ ገባ፤ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ነፋስ፣ ከፍተኛው ደረጃ አምስት ላይ ሆኖ። ጃማይካን ከመታት ሁሉ ብርቱው ነው። የተጎዳው ከሁሉ በላይ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ነው። ትሬዠር ቢች ያለችበት ሴንት ኤልዛቤትም ክፉኛ ተመታለች። ምሥራቁ፣ ፖርትላንድን ጨምሮ፣ በአንጻሩ ተርፏል። ወደ ምዕራቡ የምትሄዱ ከሆነ ገንዘባችሁ ያስፈልጋቸዋልና አትሽሹ። ግን ስለ መብራት፣ ስለ ውሃና ስለ ጣሪያ ጥገና ሳታፍሩ ጠይቁ። መዶሻም ድንገተኛ ድምፅ ነው።

የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ መግቢያ እስከ ኅዳር ማብቂያ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጸጥታ የማይገኝባቸውን ቀናት ደግሞ መምህርቷ ቀን መቁጠሪያ ይዘው አስረድተውኛል። ገና ዋዜማ ከተማው ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። ነሐሴ 1 ባርነት የቀረበት፣ ነሐሴ 6 ከእንግሊዝ ነጻ የወጡበት በዓል ነው፤ ሳምንቱ ሙሉ ጭፈራ ነው። ፋሲካቸውም እንደዚያው፤ የኪንግስተን ሰው ሁሉ ዘመድ ጥየቃና ባሕር ዳር ይወጣል። እኛንም "ከስቅለት በፊት ብትሄዱ ይሻላችኋል" አሉን። ያን ዓመት የእኛ ፋሲካ ከነሱ ከወር በላይ ዘግይቶ ነበርና እህቴ ገና ሁዳዴ ላይ ናት። ረቡዕ ጠዋት ወጣን። በመንገዳችን የኪንግስተን መኪኖች በተቃራኒው ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ግማሾቹ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሯል። ግንቦትም ዋጋው ቀነስ ይላል፤ ግን ዝናቡ ያኔ ይበረታል። መምህርቷ ራሳቸው የሚመርጡት የጥርን አጋማሽ ነው፤ በዓሉ አልፎ፣ ተማሪዎቹ ሳይመጡ። ጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ለዚያ ጊዜ ጠይቄያለሁ።